መለከቱን ሰምቶ መውጣት

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፥ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። ይህ ተረት የተተረተው ከበሮውን ለሚመታው ሰው ነው፤ እኛ ግን ለአድማጩም ይሆናል እንላለን። ማዳመጥ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ስፍራ ይዞ መቀመጥ፥ ዝም ማለት፥ በመጨረሻም ማጨብጨብ ነውና። ዳሩ ግን ታላቅ የጥበብ ሥራ ፊት ለፊት ሲቀርብለት አድማጩም የሚደናገርበት ጊዜ አለ። በተደናገረም ጊዜ ወይ ያልገባውን ያመሰግናል፥ ወይም ያልሰማውን ይነቅፋል። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ከእነዚህ ከሁለቱ ወገኖች ጋር ነው።

የክርክሩ መነሻ በኢጣልያ አገር በቬሮና ከተማ የሆነ ነገር ነው። በዚያች ከተማ መካከል ሮማውያን በመጀመሪያው መቶ ዓመት የሠሩት፥ አሬና የሚባል ክብ የድንጋይ ቴአትር ይገኛል። ይህ ቴአትር በ1913 (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ዜማ ደራሲው ጁሴፔ ቬርዲ የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር፥ «አይዳ» የተባለው ኦፔራ ታየበት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ጦርነቶች ጊዜ ከመቋረጡ በቀር፥ በየዓመቱ በበጋው ወራት በሌሊት ሰማይ ሥር ኦፔራ ይቀርብበታል። አይዳም የምሽቱ ንግሥት እንደ ሆነች ትኖራለች።

እኛም በዚያ አገር በሚኖሩ ያገራችን ልጆች ዘንድ በእንግድነት ሳለን አይዳ እንደሚታይ ሰምተን አብረን ለመሄድ ተስማማን። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉ፥ ብዙ ያነበቡ፥ በአገር ፍቅርም የማይታሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ጋሼ፥ ለርስዎም ትኬት እንግዛልዎ» ብንላቸው፥ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ተማርኮ በግብፅ አደባባይ ሲጎተት ለማየት፥ ያውም በኢጣልያኖች መድረክ፥ ገንዘቤን አላወጣም። እናንተው ሂዱና እዩ» ብለው ቀሩ።

አብረውን የመጡት ወጣቶች ግን ምሽቱን በታላቅ ደስታ ጀመሩት። አምሮባቸው ለብሰዋል፤ በድንጋዩ ደረጃ ላይ የሚነጠፈውን ትራስ ተከራይተው ተቀመጡ፤ እንደ ቦታው ልማድ ሲመሽ ትንንሽ ሻማ አበሩ፤ ፎቶግራፍም ተነሡ። በሁለተኛው ገቢር የድሉ ሰልፍ ደርሶ ረዣዥሞቹ መለከቶች በተነፉ ጊዜ ሁሉም ስልካቸውን ከፍ አድርገው ያን ትዕይንት ቀረጹ። ሰልፉ አልፎ ዕረፍት በሆነ ጊዜ ግን ተነሥተው፥ «ዋናው አለፈ፤ የቀረው ሐዘን ብቻ ነው፤ እንሂድ» አሉን። እኛ ቀረን፤ እነርሱ ሄዱ።

በማግሥቱ ለምሳ በተሰበሰብን ጊዜ ያልመጡት ሽማግሌና በግማሽ የወጡት ወጣቶች ስለ አይዳ እኩል በሆነ ድፍረት ይከራከሩ ጀመር። አንደኛው ወገን ይነቅፋል፥ ሁለተኛው ያደንቃል፤ ሁለቱም ግን የሚናገሩት ስለዚያው ስለ ሰልፉ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ሰልፉን ሳያዩ ጠሉት፤ ወጣቶቹ ሰልፉን አይተው ወደዱት፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ገቢር ግን ሁለቱም አልሰሙም። አይዳ ደግሞ ያለችው እዚያ ነው።

የነገራችን ራስ ይህ ነው፤ ቬርዲ በዚህ ሥራ ለድል አድራጊው መለከትን ሰጠው፤ ለተማረከችው ልጅ ግን ዜማውን ሰጣት። መለከቱን ብቻ የሰማ ሰው፥ ቢወደውም ቢጠላውም፥ አይዳን ሰምቻለሁ ሊል አይገባውም። ይህን የምንለው በግምት እንዳልሆነ ለማስረዳት ታሪኩን ባጭሩ እንናገር።

አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት። ተማርካ የፈርዖን ልጅ የአምኔሪስ ገረድ ሆናለች፤ ማንነቷን ግን ማንም አያውቅም። ራዳሜስ የተባለው የግብፅ መኮንንና አይዳ ይዋደዳሉ፤ አምኔሪስም ራዳሜስን ትወዳለች። ኢትዮጵያውያን በአሞናስሮ መሪነት ዘመቱ የሚል ወሬ በመጣ ጊዜ ራዳሜስ የጦር አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ሕዝቡ ሁሉ «ድል አድርገህ ተመለስ» እያለ ሲጮኽ አይዳም ከሕዝቡ ጋር ጮኸች። ሁሉም ሄደው ብቻዋን በቀረች ጊዜ ግን ከአፍዋ የወጣው ቃል አስደነገጣት። የምትወደው ሰው ድል የሚያደርገው ማንን ነው? አባትዋንና ወንድሞችዋን አይደለምን? ይህን የመሰለ በሰው ልብ ውስጥ የሚደረግ ጦርነት በማናቸውም ሰልፍ ሊታይ አይችልም፤ በአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ ይሰማል። እንግዲህ የኦፔራው እውነተኛ ጦርነት ገና በመጀመሪያው ገቢር ተጀምሯል ማለት ነው፤ የሰልፉ ጩኸት ይህን ይሸፍነዋል እንጂ አይጨምርበትም።

ወደ ሰልፉም እንምጣ። ቬርዲ ለዚህ ትዕይንት ብሎ ቀጥ ያሉ ረዣዥም መለከቶችን በተለይ አሠርቷል። ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ በአንድ ቃና ይነፉና የቀሩት ሦስቱ ከፍ ባለ በሌላ ቃና ይመልሱላቸዋል። ደስ የሚያሰኝ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከመለከቱ በኋላ የሚመጣውን ያስተዋለ ስንት ነው? ምርኮኞቹ ይገባሉ፤ አሞናስሮ ንጉሥነቱን ሰውሮ እንደ ተራ መኮንን ሆኖ ይቆማል፤ ስለ ወገኖቹም ሕይወት ይለምናል። ዛሬ እኛን ያገኘን ዕጣ ነገ እናንተን ሊያገኝ ይችላል ይላቸዋል። ይህንም የሚለው እጅግ ባማረ፥ በሰፊና በረጋ ዜማ ነው። ካህናቱ ይገደሉ ይላሉ፥ ሕዝቡ ግን ይማሩ ይላል። አደባባዩ በወርቅና በሰንደቅ ዓላማ ተሞልቶ ሳለ፥ የሰው ክብር ያለው በታሰረው ሰው አፍ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው የፈሩት ውርደት ይህ ከሆነ፥ እንዲህ ያለውን ውርደት ብዙ ነገሥታት በተመኙት ነበር።

ሦስተኛው ገቢር በዓባይ ዳር፥ በሌሊት ነው። ቫዮሊኖቹ አንዱን ድምፅ በቀስታ ይደጋግሙታል፤ በላዩ ዋሽንት ይፈስሳል። አይዳ ብቻዋን ቆማ ዳግመኛ ስለማታየው ስለ አገርዋ ሰማይና ሸለቆ ትዘምራለች። ከዚያም አባትዋ መጥቶ፥ የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከወዳጅሽ አውጥተሽ ንገሪኝ ይላታል። እንቢ ባለችው ጊዜ ልጄ አይደለሽም፥ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ብሎ ይረግማታል። አገርና ፍቅር፥ አባትና ወዳጅ በአንዲት ልጅ ላይ ሲፋረዱ የምናየው በዚህ ነው። ልጅቱ ተሸነፈች፤ ራዳሜስ የናፓታን መተላለፊያ ነገራት፤ ምስጢሩም ወጣ፤ እርሱም ራሱን ለካህናቱ ፍርድ አሳልፎ ሰጠ። በአራተኛው ገቢር ከነሕይወቱ በመቃብር ሲዘጋበት፥ አይዳ ቀድማ ገብታ በጨለማው ውስጥ ትጠብቀው ነበር። ኦፔራው በመለከት አይደለም የሚያልቀው፤ ኦርኬስትራው ድምፁን ዝቅ እያደረገ፥ እያሳሳ ሄዶ ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ይጠፋል።

በዚያ ምሽት ከዐሥር ሺህ የሚበልጥ ሰው በድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ በመጨረሻዋ ሰዓት አንድ ሰው ሲያስል እንኳ አልሰማንም። ከእኛ ጋር የመጡት ወጣቶች በዚያ ጊዜ እራታቸውን በልተው ተኝተው ነበር። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ ከጉባኤ ቢነሣ መምህሩ ምን ይለዋል? መለከቱ ሰም ነው፤ መቃብሩ ወርቅ ነው። ሰሙን ብቻ ይዞ ሄዶ ቅኔ አውቃለሁ ማለት በአገራችን የሚያስቅ ነገር ከሆነ፥ በሰው አገርም ያው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሽማግሌው እንመለስ፤ የእርሳቸው ነገር ከወጣቶቹ ይልቅ ከባድ ነውና። ቁጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢጣልያ ጦር በ1896 ዓድዋ ላይ ድል ሆነ፤ በ1935 ደግሞ ተመልሶ አገራችንን ወርሮ እስከ 1941 ድረስ ብዙ ደም አፍስሷል። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከዚያ አገር በመጣ ትዕይንት የኢትዮጵያ ንጉሥ ተማርኮ ሲቀርብ ልቡ ቢቆረቁረው አንፈርድበትም። ነገር ግን ልብ ሲቆረቁር ማጣራት እንጂ መሸሽ አይገባም።

ቢያጣሩ ኖሮ ይህን ባገኙ ነበር። አይዳን ያዘዘው የኢጣልያ መንግሥት ሳይሆን የግብፁ ኬዲቭ እስማኤል ነው። ብዙዎች ለስዌዝ ቦይ መከፈት የተደረሰ ነው ይላሉ፤ ስሕተት ነው። ቦዩ የተከፈተው በኖቬምበር 1869 ሲሆን፥ በዚያው ወር የካይሮ ኦፔራ ቤት የተመረቀው በቬርዲ ሌላ ሥራ በ«ሪጎሌቶ» ነበር። የአይዳን የታሪክ አሳብ ያወጣው የግብፅን ጥንታዊ ቅርሶች የሚመረምረው ፈረንሳዊው ኦጉስት ማርየት ነው፤ ግጥሙን የጻፈው አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ነው። ለቬርዲ የተከፈለው ዋጋ 150000 ፍራንክ ነበር። አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ ፓሪስ ላይ ሲሠራ ሳለ ከተማይቱ በፕሩስያ ጦር ስለ ተከበበች ትዕይንቱ ዘገየ፤ በመጨረሻ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ፥ በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1872 ደግሞ ሚላኖ ላይ ታየ። ቬርዲ ወደ ካይሮው ትዕይንት አልሄደም።

በግጥሙ ውስጥ ኢትዮጵያ የተባለችውም የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ በጠሩበት ስም የተጠራች፥ የፈርዖኖች ዘመን ጎረቤት ናት። ራዳሜስ የነገራት ናፓታ የኩሽ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረች፥ ዛሬ በሱዳን አገር የምትገኝ ስፍራ ናት። በመድረኩ ላይ የታሰረው ንጉሥ ከነገሥታቶቻችን አንዱ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የተፈጠረ የቴአትር ሰው ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። እስማኤል በመድረኩ ላይ ያስገኘውን ድል በሜዳ ሊያገኘው ፈለገ። የግብፅ ጦር ወደ አገራችን ዘምቶ በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፥ በማርች 1876 ደግሞ ጉራ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር ገጠመ። በጦሩ ውስጥ የኤውሮፓና የአሜሪካ መኮንኖች ነበሩበት፤ መድፍና አዲስ ጠመንጃም አልጐደለውም። ሆኖም በሁለቱም ስፍራ ድል ሆነ። የጉንደቱ ጦር መሪ የዴንማርክ ተወላጁ አረንድሩፕ በዚያው ወደቀ። እስማኤልም በ1879 ከሥልጣኑ ተሻረ። አይዳ በካይሮ ከታየች አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ታሪክ ለሁለተኛው ገቢር ይህን መልስ መስጠት ጀመረ። እንዲህ ያለ መልስ በእጁ ያለው ሕዝብ የመድረክ መለከት ሊያስደነግጠው አይገባም። ቆሞ ሊሰማው፥ ከሰማም በኋላ በራሱ አፍ ሊናገርበት ይገባል።

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ የቁጣ ምክንያት የላቸውም፥ ግን «ቋንቋው አይገባንም፤ ይረዝማል፤ ጩኸት ነው» ይላሉ። ይህን ቃል ከኢትዮጵያዊ አፍ መስማት እጅግ ያስደንቀናል። በዓመት በዓል ሌሊት ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ሕዝብ ልጆች አይደለንምን? ሊቃውንቱ በመቋሚያቸው ተደግፈው፥ በጽናጽልና በከበሮ እያጀቡ፥ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ሌሊቱን ሲያነጉት እናቶቻችን ቃሉን ሁሉ ተርጕመው ይሰሙ ነበርን? የቃሉ ትርጓሜ ቢቀርባቸውም ዜማው ወዴት እንደሚሄድ፥ መቼ እንደሚጸና፥ መቼ እንደሚለዝብ ያውቁ ነበር። ይህን ያህል ሰፊ ጆሮ የወረሰ ሰው ሦስት ሰዓት ያህል የሚቆይ ዜማ በዛብኝ ካለ፥ ስንፍናውን በቋንቋ አሳቦ መሸፈኑ ነው። ማኅሌት አምልኮ ነው፥ ኦፔራ ቴአትር ነው፤ አንዱን ከአንዱ አናስተካክልም። የማዳመጥ ትዕግሥት ግን አንድ ነው። ጩኸት ነው ለሚለውም እንዲህ እንላለን፤ የኦፔራ ዘፋኝ በደንቡ የድምፅ ማጉያ አይይዝም፤ በደረቱና በጉሮሮው ብቻ የሙሉ ኦርኬስትራን ድምፅ አልፎ እስከ መጨረሻው ወንበር ይደርሳል። ብዙ ዓመት የተማረበትን ይህን ጥበብ ጩኸት ብሎ መጥራት ነውር ነው።

ስለዚህ ኦፔራውን ያለ ነቀፋ አድንቁ ማለታችን ነውን? አይደለም። በአይዳ ትዕይንት ላይ እኛም የምንነቅፈው አለን። ነጭ ዘፋኞች ኢትዮጵያውያንን ለመምሰል ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የመቀባት ልማድ ለረጅም ዘመን ኖሯል። በ2022 ዓ.ም. በዚያው በቬሮና አሬና ይኸው ስለ ተደረገ አሜሪካዊቷ ጥቁር ዘፋኝ ኤንጀል ብሉ በዚያ ልትዘፍነው ከነበረው ከሌላ ኦፔራ ራስዋን አውጥታለች። ትክክል አደረገች እንላለን። የኢትዮጵያዊት ሐዘን በቀለም አይገኝም። በሚሲሲፒ የተወለደችው ጥቁሯ አሜሪካዊት ሊዮንቲን ፕራይስ በጃንዋሪ 3 ቀን 1985 በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በአይዳ መድረኩን ስትሰናበት፥ የዓባይ ዳሩን ዜማ በጨረሰች ጊዜ ሕዝቡ ለብዙ ደቂቃ ጭብጨባውን ማቆም አቅቶት ነበር። በዚያ ምሽት ያን ዜማ ያን ያህል ጥልቅ ያደረገው ልብስም ሰልፍም አልነበረም።

አይዳን ከሁሉ አብልጦ በብርቱ ከነቀፉት አንዱ ኤድዋርድ ሰኢድ ነው። በ1993 ባወጣው ስለ ባህልና ስለ ቅኝ ገዢነት በሚናገር መጽሐፉ፥ ይህ ኦፔራ ኤውሮፓ ምሥራቁን በገዛችበት አስተሳሰብ የተሠራ መሆኑን ተከራክሯል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ይህ ሰው ፒያኖ የሚጫወት፥ የሙዚቃ ሐያሲ የነበረ፥ ልጅነቱንም በካይሮ ያሳለፈ ነው። የነቀፈው ጠንቅቆ የሚያውቀውን ነው። ከእርሱ አሳብ ጋር የማንስማማበት ስፍራ አለ፤ ቢሆንም እንዲህ ያለውን ነቃፊ ባርኔጣችንን አንሥተን እናከብረዋለን። ኢትዮጵያዊ ነቃፊ እንዲነሣ የምንመኘውም በዚህ ዓይነት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለን፤ ይህኛው ያስቃል። በ1872 ፕሮስፔሮ ቤርታኒ የተባለ አንድ ኢጣልያዊ አይዳን ለማየት በባቡር ወደ ፓርማ ሄደ። አልወደደውም። ሰው ሁሉ ስለሚያመሰግነው ግን ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ይሆናል ብሎ ሁለተኛ ሄዶ አየው፤ አሁንም አልወደደውም። በዚህ ጊዜ ለቬርዲ ደብዳቤ ጽፎ የባቡሩን፥ የትኬቱንና የእራቱን ወጪ በጠቅላላው 31 ሊሬ ከ80 እንዲከፍለው ጠየቀ። ቬርዲም አልተቈጣም፤ በአሳታሚው በኩል 27 ሊሬ ከ80 አስከፈለው። እራቱን ግን ቤቱ ሊበላ ይችል ነበር ብሎ ከለከለው፤ ከእንግዲህም የቬርዲን አዲስ ሥራ ለመስማት እንዳይሄድ አስፈረመው። በዚህ ሰው ብዙዎች ሲስቁበት ኖረዋል። እኛ ግን ከብዙ አመስጋኞች ይልቅ እናከብረዋለን። ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰምቶ ጠልቷል። ሽማግሌያችን አንድ ጊዜ እንኳ አልሰሙም፤ ወጣቶቻችንም ግማሹን ብቻ ሰምተው አድናቂ ሆነዋል።

ይህ ነገር የአንድ ምሽት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተከራከርን ነበር። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ልማድ ከቴአትር ቤት አልፎ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት ይገባል። ማመልከቻውን እስከ ግማሽ አንብቦ የሚወስን ሹም፥ መጽሐፉን ሳይገልጥ የሚነቅፍ መምህር፥ የሰውን አሳብ ከርእሱ ብቻ ይዞ የሚያወግዝ ተማሪ፥ ሁሉም መለከቱን ሰምተው የወጡ ናቸው። በዳኝነትም ቢሆን ከሳሹን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ አይመሰገንም።

ስለዚህ መምህራን የውጭ አገር የሙዚቃ ሥራ ለተማሪዎቻቸው ሲያሰሙ በጩኸቱ ክፍል እንዳይጀምሩና በዚያም እንዳይጨርሱ እንለምናቸዋለን። አይዳን የሚያሰማ መምህር የዓባይ ዳሩን ዜማ ያስቀድም፤ ታሪኩን አስቀድሞ በአማርኛ ይንገር፤ ጉንደትንና ጉራንም አብሮ ያስተምር። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ስም ሲጠራ አይዳ ሲባል አቤት የምትል ልጅ አትታጣም፤ ስሟን የተሸከመችው የኦፔራ ሴት በጨለማ መቃብር ውስጥ ምን እንዳደረገች ማወቅ ይገባታል። ወደ ቴአትር ቤት የሚሄድም ሰው ግጥሙን አስቀድሞ ያንብብ፤ ዛሬ በብዙ ኦፔራ ቤቶች ትርጕሙ በመድረኩ አጠገብ በጽሑፍ ስለሚታይ አልገባኝም የሚል ምክንያት የለውም። ከሁሉም በላይ መጋረጃው እስኪዘጋ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ቢወድ ያመስግን፥ ቢጠላ ይንቀፍ፤ ሁለቱም መብቱ ነው።

በዚያ ምሳ ላይ ክርክሩ ከበረደ በኋላ ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ለመሆኑ ልጅቱ በዓባይ ዳር ስለ አገርዋ ምን አለች?» ብለው ጠየቁን። ልንነግራቸው ጀምረን ተውነው። «ጋሼ፥ ይህ ተነግሮ የሚሆን አይደለም፤ የሚቀጥለው ትዕይንት ከነገ ወዲያ ነው፤ ራስዎ ሄደው ይስሙ» አልናቸው። እንቢ አላሉም። ወጣቶቹንም አብረዋቸው እንዲሄዱ፥ በዚህ ጊዜ ግን እስከ መጨረሻው እንዲቆዩ አስጠነቀቅናቸው።